የጠራ ወንዝ ሁሉ ለዋና አይመችም

በምዕራብ ጎጃም የዋና ወቅት ክረምት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቹ ደራሽ ጎርፍ ያወርዳሉና ወላጅም ልጁን ከዳርቻው ያርቃል። ዋናው የሚደራው በፍኖተ ሰላም በኩል ላህ፣ በቡሬ በኩል ፈጠም ጎድለውና ጠርተው በሚወርዱበት በበጋው ሙቀት ነው።

የቢልሃርዚያ ስጋትም የሚበረታው ያኔ ነው። የበሽታውን ተህዋስ የሚያሳድገው ትንሽ ቀንድ አውጣ በዝግታ የሚፈስና ሣር ያለበት ውኃ ይስማማዋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺሕ ሜትር በታች የሚገኘው የፍኖተ ሰላም አካባቢም ይመቸዋል። በበሽታው የተያዘ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ ከሰገራው የሚወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና የዋናተኛውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። እጮቹ በብዛት የሚለቀቁት በቀትር ነው፤ እረኞችና ተማሪዎች ውኃ የሚገቡትም በዚሁ ሰዓት ነው። በመስኖ ቦይ በባዶ እግሩ የሚቆም ገበሬም አያመልጥም።

የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የታየበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ማስመርመር አለበት። ሕመሙ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበትና ጣፊያን ያሳብጣል። ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ይፈውሳል፤ ዳግም ከመያዝ ግን አያድንም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ግኝታቸውም በዓለም ታወቀ። ይሁንና እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ማንም በዘፈቀደ ወንዝ ውስጥ ሊጨምረው አይገባም። ለገላ መታጠቢያ የተቀዳ ውኃ፣ ቀንድ አውጣ ካልገባበት፣ ሁለት ቀን ሲቀመጥ እጮቹ ይሞታሉ።