የባሕር ዳርቻ ጌጥ በደብረ ታቦር በረንዳ

ዛሬ በከተማ ቤት የሚያሠራ ሰው ከሳሎኑና ከመኝታ ቤቱ ሌላ በመስታወት የተከለለ በረንዳ እንዲኖረው ይመኛል። ይህን ክፍል የማስጌጥ ነገር ሲነሣም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የባሕር ዳርቻ ቤቶች ወግ ነው፤ ይኸውም ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊና የአሸዋ መልክ ያለው ጨርቅ፣ የሸምበቆ ወንበር፣ ዛጎልና የመርከብ ሥዕል ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከባሕር ማዶ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ዕቃው ለደጋ አየር መስማማቱን፣ ተመሳሳዩም በአገር ውስጥ መኖር አለመኖሩን መመርመር ይገባዋል።

የባሕር ዳርቻ ቤት የሚሠራው ሙቀትን ለመከላከል ነው። በቀይ ባሕር ዳር የምትገኘው የምጽዋ ጥንታውያን ቤቶች ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የታነጹ ሲሆኑ፣ ሰገነቶቻቸው ነፋስ እንዲያስገቡና ፀሐይ እንዲከለክሉ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈኑ ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ታቦር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚህ በረንዳው የሚፈለገው የቀኑን ፀሐይ ተቀብሎ የማታውን ብርድ እንዲያስታግሥ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የብርድ ወራት ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ መስታወቱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ቢዞር ይሻላል።

ከዚህም በላይ የደጋ ፀሐይ የጨርቅ ጠላት ናት። ቀለም የሚያደበዝዘው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል፤ ተራ መስታወትም የሚያስቀረው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ መጋረጃ በብዛት ከማዘዝ በፊት፣ ከናሙናው ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍኖ ለአንድ ወር በመስኮት ላይ መስቀልና ሁለቱን ወገን ማስተያየት ብልኅነት ነው። በአንድ ዓመት የሚደበዝዝ ጨርቅ የሸጠ ባለሱቅ ዋጋውን ቢያገኝም ደንበኛውን ያጣል።

ስለ ሁለተኛው ጉዳይ ቢታሰብ፣ የደቡብ ጎንደር ሰው ዳርቻ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም፤ ፎገራና ደራ የጣና ሐይቅ ጎረቤቶች ናቸውና። በጣና ዙሪያ የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ከደንገል ታንኳና ቅርጫት ይሠራሉ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ በሽመና ሥራው የታወቀ ነው። ያልተነከረ የጥጥ ጨርቅ ሊደበዝዝ የሚችል ቀለም ስለሌለው ለበረንዳ መጋረጃ ይስማማል። ግድግዳው በኖራ ቢቀባ፣ ትንሽ የደንገል ታንኳ ቢሰቀልበት፣ ሰማያዊው ቀለም በትራሶች ላይ ብቻ ቢወሰን፣ ክፍሉ የዳርቻን መልክ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደንገል ዕቃ በክረምት እርጥበት ስለሚሻግት ከግድግዳ ፈቀቅ ብሎ ነፋስ ሊያገኝ ይገባዋል። የሐይቁ ደንገልም በእርሻ መስፋፋት እየተመናመነ በመሆኑ፣ ነጋዴው ጥቂትና ጥሩ ሥራ በተገቢ ዋጋ ቢገዛ ሠሪውም ምንጩም ይጠበቃሉ።

የሒሳቡ ጉዳይም ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ዋጋ አጥቷል። ከጅቡቲ ተጭኖ እስከ ጉና ግርጌ የሚመጣ ዛጎልና የፕላስቲክ መልሕቅ፣ ገዢ ካላገኘ የተቀበረ ገንዘብ ነው። ከውጭ የሚመጣው በቅርብ የማይገኘው፣ ለምሳሌ ጥሩ መስታወትና ማጠፊያ ቢሆን፣ ቀሪው ገንዘብ ለሸማኔውና ለቅርጫት ሠሪው ይተርፋል።

ደብረ ታቦር ይህን መንገድ ከጥንት ታውቀዋለች። አፄ ቴዎድሮስ በአቅራቢያዋ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት የውጭ አገር ሰዎችን ጥበብ ወደ አገር በማምጣት እንጂ መድፉን ከውጭ በመግዛት አልነበረም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት የቆየ ነው፤ ወርቁን በወርቅነቱ አውቆ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚያኖር ነጋዴ ግን ራሱንም አገሩንም ይጠቅማል።