የስም ወሰን በፕሮግራም ውስጥ፤ በቁናና በኪሎ ምሳሌነት

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፥ ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምሩትን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያውክ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በፕሮግራም ውስጥ አንድ ስም ከየት እስከ የት እንደሚታወቅ ነው። ዋጋው ሊለወጥ የሚችለውን ስም ተለዋዋጭ፥ ስሙ የሚታወቅበትን ስፍራ ወሰን፥ በተጠራ ቁጥር የሚፈጸመውን የትእዛዞች ስብስብ ደግሞ ተግባር እንላለን።

ከምናውቀው ነገር እንጀምር። በሰሜን ጎንደር እህልን በቁና መስፈር የቆየ ልማድ ነው። የቁናው ልክ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ከሊማሊሞ በላይ በደባርቅ «አንድ ቁና» የሚልና ቁልቁለቱን ወርዶ በአዲ አርቃይ «አንድ ቁና» የሚል ሰው፥ ቃላቸው አንድ ቢሆንም እህላቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ኪሎ ግን በሁለቱም ገበያ ያው ኪሎ ነው። በፕሮግራምም እንዲሁ፥ በአንድ ተግባር ውስጥ የተሰየመ ተለዋዋጭ የዚያ ተግባር ብቻ ስለሆነ ውስጣዊ ይባላል፤ ከተግባሮች ሁሉ ውጭ የተሰየመው ደግሞ በፕሮግራሙ ሁሉ ስለሚታወቅ አጠቃላይ ይባላል።

ምሳሌያችንን በፓይተን ቋንቋ እንጻፍ። በዚህ ቋንቋ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ ማለት ከ3ኛው እትም ጀምሮ፥ የተለዋዋጭን ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። እንደ ዴፍ፥ ሪተርንና ፕሪንት ያሉት የቋንቋው ቃላት ግን በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

ቁና = 5
ዴፍ አስተካክል():
    ቁና = 6
አስተካክል()
ፕሪንት(100 * ቁና)

ጸሐፊው የቁናውን ልክ ከ5 ወደ 6 ኪሎ ያረመ መስሎት 600 ይጠብቃል። ማሽኑ የሚያወጣው ግን 500 ነው። ምክንያቱም በተግባሩ ውስጥ ዋጋ የተሰጠው «ቁና» በስም ብቻ ከውጭኛው ጋር የሚመሳሰል ሌላ ተለዋዋጭ ነው፤ ተግባሩ ሲጠራ ይፈጠራል፥ ሲፈጸምም ይጠፋል። እንግዲህ 100 ኪሎ፥ ማለት አንድ ሙሉ ኩንታል እህል፥ ከሒሳቡ ጎደለ፤ ማሽኑም ስሕተት አለ ብሎ አላስጠነቀቀም። የዚህ ጉዳይ ዋና አደጋ ይህ ዝምታ ነው።

ሁለተኛው ሁኔታ ግን ራሱን ያጋልጣል።

ድምር = 0
ዴፍ ጨምር(እህል):
    ድምር = ድምር + እህል

ይህ ተግባር ሲጠራ ማሽኑ ሥራውን አቋርጦ ስሕተት ያመለክታል። ፓይተን በተግባሩ ውስጥ ዋጋ የሚሰጠውን ስም በተግባሩ ሁሉ ውስጣዊ አድርጎ ይቈጥረዋልና፥ «ድምር» ገና ዋጋ ሳያገኝ እንዲነበብ ተጠየቀ ማለት ነው። ስሙን ማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የውጭኛው ይገኝ ነበር።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው በተግባሩ መጀመሪያ «ግሎባል ድምር» ብሎ በመጻፍ የውጭኛውን እንደምንፈልግ ማስታወቅ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ተግባሮች አንዱን አጠቃላይ ተለዋዋጭ የሚለውጡ ከሆነ፥ ዋጋውን ያበላሸው የትኛው እንደሆነ ለማግኘት ፕሮግራሙን ሁሉ መመርመር ግድ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ እንመርጣለን፤ ይኸውም ለተግባሩ የሚያስፈልገውን በግልጽ ሰጥቶ፥ ውጤቱን በግልጽ መቀበል ነው።

ዴፍ ወደ_ኪሎ(ብዛት, ቁና):
    ሪተርን ብዛት * ቁና
ፕሪንት(ወደ_ኪሎ(100, 6))

አሁን 600 ይወጣል። የማን ቁና እንደሆነም ተግባሩን የጠራው ሰው በግልጽ ተናግሯል።

የወሰን ሕግ ከቋንቋ ቋንቋ እንደሚለያይም መዘንጋት አይገባም። በጃቫ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የተሰየመ ተለዋዋጭ ከቅንፉ ሲወጡ አይታወቅም፤ በፓይተን ግን በተደጋጋሚ ትእዛዝ ውስጥ የተሰየመው ከዚያም በኋላ ይታወቃል። በፊደላችን ለሚጽፉም አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ሰ እና ሠ፥ ሀ እና ሐ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ፥ በሁለት ዓይነት የተጻፈ ስም ሁለት ተለዋዋጭ ይሆናል።

በጠቅላላው፥ ስም ብቻውን ዋጋን አይገልጽም፤ የተሰየመበት ስፍራም አብሮ መታወቅ አለበት። በገበያ «በየትኛው አገር ቁና?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ እንደማይታለል ሁሉ፥ ፕሮግራም የሚጽፍም «ይህ ስም የት ተሰየመ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።