ምስጥ ደረቅ እንጨት በልቶ እንዴት ይጠግባል?



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በእርሻ ዳር እንደ ትንሽ ግንብ የቆመ ኩይሳ ቢያይ አይደነቅም። በከተማ የሚኖረው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ምስጥን በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ ይኸውም የቤቱ ቋሚ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲገኝ፥ ወይም ከወለል ላይ የተቀመጠው መዝገብ ሲነሣ እንደ ዐፈር ሲረግፍ ነው። ታዲያ ይህ ፍጥረት በጨለማ ውስጥ ደረቅ እንጨትና ወረቀት እየበላ እንዴት ሊጠግብ ቻለ?

የእንጨትም የወረቀትም ዋና አካል ሴሉሎስ ይባላል። ሴሉሎስ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የጠነከሩበት ነገር ስለ ሆነ የሰው ሆድ ሊፈታው አይችልም። ምስጥም ብቻውን በሚገባ አይፈታውም። ረዳቶቹ በአንጀቱ ውስጥ የሚኖሩ፥ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው።

ይህን በግልጽ ካስረዱት አንዱ አሜሪካዊው ሊቅ ክሊቭላንድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ዓ. ም. ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፥ በአንጀታቸው የነበሩት ባለ አንድ ሕዋስ ተሐዋስያን የተወገዱባቸው ምስጦች እንጨት እየበሉ በረኃብ አለቁ፤ ተሐዋስያኑ የተመለሱላቸው ግን በሕይወት ኖሩ። ከዚህም ሌላ እንጨት ለአካል ግንባታ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን እጅግ ያንሰዋል። በዚያው አቆጣጠር በ1973 ዓ. ም. የወጡ ምርምሮች በአንዳንድ ምስጦች አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለምግብነት እንደሚያበቁት አረጋገጡ።

በአገራችን ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ማክሮተርምስ የተባለው ወገን ደግሞ ሌላ ጥበብ ጨምሯል። ያኘከው እንጨትና ገለባ በአንጀቱ ፈጥኖ ካለፈ በኋላ በጓዳው የማር እንጀራ አስመስሎ ይከምረዋል፤ በላዩም እንጉዳይ ያበቅላል። እንጉዳዩ ጠንካራውን ሲያላላው ምስጡ መልሶ ይበላዋል፤ የቀረውንም ሥራ የአንጀቱ ባክቴሪያዎች ይፈጽሙታል። በክረምት ከኩይሳ ላይ የሚለቀመው እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ፍሬ ነው።

ገበሬያችን የሚያርስበት በሬም ገለባውን ወደ ጉልበት የሚለውጠው በሆዱ ባሉ ተሐዋስያን ርዳታ ነው። ስለዚህ አንዱ ሕግ በአንድ በኩል ሲያጎርሰን፥ በሌላ በኩል ቤታችንን ያፈርስብናል።

እንግዲህ ኩይሳውን ከላይ መናድ ብቻውን እንደማይበቃ እንወቅ፤ ንግሥቲቱና ጓዳዎቹ በታች እስካሉ ድረስ የፈረሰው ይጠገናል። መዝገባችንንም ከወለልና ከግድግዳ አርቀን በመደርደሪያ እናስቀምጥ፤ ዘወትርም እያነሣን እንመርምር። ለእኛ ወረቀት የሆነው ለምስጥና ለረዳቶቹ ቀለብ ነውና።