የጮቄ ቀይ ቀበሮና የቮልቴራ ቀመር

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን የሚገኘው የጮቄ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ወደ ዓባይ የሚገቡ የብዙ ወንዞች መነሻ በመሆኑ ስለ ውኃው ብዙ ተብሏል፤ በላዩ ይኖር ስለነበረው ቀይ ቀበሮ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ይህ አውሬ በቅርብ አሥርት ዓመታት ከጮቄ ጠፍቷል። በመላ አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎችም ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል።

በባሌ ተራሮች የቀበሮው ዓይነ ምድር ሲመረመር ከተገኙት የታዳኝ እንስሳት ቅሪቶች 96 በመቶ ያህሉ የአይጥና የፍልፈል ወገን ነበሩ። ስለዚህም አይጥ በበዛበት የዌብ ሸለቆ በካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ያህል ቀበሮ ሲገኝ፣ አይጥ በሳሳበት የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ እኛ የፊዚክስ ሰዎችም የምንለው አለን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአድሪያቲክ ባሕር ዓሣ ማስገር ሲቀንስ የሻርክና የመሰል አዳኝ ዓሦች ድርሻ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጣሊያናዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ ምክንያቱን ሲመረምር፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ለታዳኙ አንድ፣ ለአዳኙም አንድ ቀመር ጻፈ። አልፍሬድ ሎትካ ደግሞ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአሜሪካ እዚያው ደርሶ ነበር። ውጤቱ የፔንዱለምን ውዝዋዜ ይመስላል፦ ታዳኙ ሲበዛ አዳኙ ዘግየት ብሎ ይበዛል፤ አዳኙ ሲበዛ ታዳኙ ይመነምናል፤ ከዚያ አዳኙ ይራብና ይቀንሳል፤ ታዳኙም ያገግማል።

ከውዝዋዜው ይልቅ እኛን የሚገርመን ግን የአማካዩ ጉዳይ ነው። በቀመሩ መሠረት የአዳኙን አማካይ ቁጥር የሚወስነው የታዳኙ የመራባት ፍጥነት ሲሆን፣ የታዳኙን አማካይ ቁጥር የሚወስኑት ደግሞ የአዳኙ ጠባያት ናቸው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ወደ ጮቄ እንመልሰው። የጓሳው ሣር ታርሶ ገብስና ድንች ሲዘራበት፣ የቀረውም በከብት ሲጋጥ፣ አይጡ መጠለያውንና ምግቡን ያጣል፤ መራባቱም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ በቀመሩ ውስጥ የሚጎድለው የአይጡ ሳይሆን የቀበሮው ቁጥር ነው! በእርሻ ዳር አይጥ መታየቱ ብቻውን ለቀበሮው በቂ ምግብ መኖሩን አያሳይም።

ቀመሩ ከባድ ጉድለትም አለበት። በወረቀት ላይ የቀበሮው ቁጥር ከአንድ በታች ወርዶ እንደገና ሊያንሰራራ ይችላል፤ በተራራ ላይ ግን ግማሽ ቀበሮ የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ሸለቆው ከዓመታት በኋላ ሊያገግም የቻለው ምግቡ ስላልጠፋና በአጎራባች ሸለቆዎች የነበሩት በክትባት ጭምር ስለተረፉ ነው። ጮቄ ግን በዓባይ በረሃና በእርሻ የተከበበ ደሴት ነው፤ ቁጥሩ አንዴ ዜሮ ከደረሰ ከሸዋም ሆነ ከስሜን ተራሮች ቆላውን አቋርጦ የሚመጣ ቀበሮ አይኖርም።

በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮው ዛሬም አለ። እዚያ ሕዝቡ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲል በቄሮ ሥርዓት ለተከታታይ ዓመታት እየዘጋ ለዘመናት ጠብቆታል፤ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ከመሬት አዋጁ ጋር ቢፈርስም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሏል። በጮቄም የሣሩን ምድር መልሶ ለመከለል ለሚያስቡ፣ አስቀድሞ መጠናት የሚገባው አይጡ ነው፤ ይኸውም ስንት እንዳለ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደሚራባ።