የአሥር ደቂቃ ዋጋ በኮቦ ሜዳ

ከወልድያ ወርዶ ጎብዬንና ሮቢትን ያለፈ ሾፌር ኮቦ ሜዳ ላይ ሲደርስ እግሩ ይከብዳል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የደጋው ግድግዳ፣ መሐሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መንገዱ በዋጃ በኩል እስከ አላማጣ ድረስ ዳገት የሚባል ነገር አያሳይም። ዳገቱ ላይ የጠፋውን ሰዓት እዚህ ማካካስ ለሾፌሩ ተፈጥሯዊ ሐሳብ ነው። ነጋዴውም ሽንኩርቱ ሳይጠወልግ፣ ገበያው ሳይበተን እንዲደርስለት ይፈልጋል። የዛሬው ጽሑፌ የሚመለከተው ይህንን ችኮላ ነው፤ ምን ያህል ያስከፍላል? ክፍያውስ ከማን ኪስ ይወጣል?

ጥያቄው ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ያህል አንገብጋቢ አልነበረም። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በጀመረበት በሰኔ 2014 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ገባ። በሐምሌ 2016 የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ናፍጣው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በእጥፍ የጨመረ ዕቃ የሾፌሩን እግርም ሆነ የባለንብረቱን ደብተር መለወጥ ነበረበት። ኮቦ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ 570 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ለሚመጣው ነዳጅ የማጓጓዣው ወጪ ስለሚታሰብበት የማደያው ዋጋ ከመዲናው ይለያል። ማደያው ሲደርቅ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት ግድ ይሆናል፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

ሒሳቡን በአንድ መኪና እንየው። ከነጭነቱ 80 ኩንታል የሚመዝን፣ በሰፈሩ ቋንቋ በደፈናው አይሱዙ የምንለው ዓይነት የጭነት መኪና እንውሰድ። ሜዳ ላይ ይህን መኪና የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የጎማው መሬት መጎተት፣ ሌላው አየሩ። የጎማው ጉተታ መኪናው ቢፈጥንም ቢዘገይም ብዙም አይለወጥም። አየሩ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ተቃውሞ በአራት እጥፍ ይጨምራል። ሸራ የለበሰ፣ ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና ደግሞ ደረቱ ሰፊ ነው። በተለመዱት የምህንድስና ቀመሮች ስሠራው እንዲህ ያለ መኪና ደልዳላ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 11 ሊትር፣ በ80 ሲነዳ ከ14 ሊትር በላይ፣ በ100 ሲነዳ 19 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። የእያንዳንዱ መኪና ቁጥር ይለያያል፤ የጭማሪው አካሄድ ግን ለሁሉም ይሠራል።

አሁን 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ እንቁረጥ፤ ናፍጣውንም ለሒሳብ እንዲመች በ100 ብር እንያዘው። በ60 የሚሄደው በ40 ደቂቃ፣ በ80 የሚሄደው በ30 ደቂቃ ይደርሳል። የተረፈው 10 ደቂቃ ነው፤ የተከፈለበት ናፍጣ አንድ ሊትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ወደ 144 ብር። አንድ ሰዓት በዚህ ዋጋ ቢገዛ 860 ብር ያህል ይወጣበታል ማለት ነው። ከ80 ወደ 100 ከፍ ያለው ሾፌር ደግሞ የሚያተርፈው 6 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለዚያም 184 ብር ይከፍላል። የእርሱ ሰዓት 1,840 ብር ወጣበት። ፍጥነቱ የጨመረው በሁለቱም ጊዜ በ20 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሁለተኛው ሰዓት ዋጋ ግን ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ናፍጣውን ከጥቁር ገበያ በ200 ብር የገዛ ሰው እነዚህን ቁጥሮች በሁለት ያባዛቸው።

ስለዚህ የሚጠየቀው «ስንት ልንዳ?» ሳይሆን «የእኔ አንድ ሰዓት ስንት ያወጣል?» ነው። ቀድሞ የደረሰ መኪና በዚያው ቀን ሌላ ቢያጆ የሚያገኝ ከሆነ፣ ወይም የጫነው ቲማቲም ለነገ የማያድር ከሆነ፣ 860 ብር ተገቢ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ወልድያ ደርሶ እስከ ማግስቱ ጭነት የሚጠብቅ ከሆነ ግን ያ ሰዓት በምንም ዋጋ መገዛት አልነበረበትም። ብዙውን ጊዜ የማየው ይህንን ሁለተኛውን ነው። መኪናው ሜዳውን በርሮ ያልፍና ከኬላው ሰልፍ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆማል። የዚህ መጠን የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲንደቀደቅ በሰዓት አንድ ሊትር አካባቢ ያቃጥላል። በፍጥነት የተገዛው ሰዓት በሰልፍ ይባክናል፤ ለብክነቱም ሌላ ናፍጣ ይከፈላል።

ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ይህንን ሒሳብ ከ2008ቱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ወዲህ አጥብቀው ይዘውታል። ማርስክን የመሰሉ ኩባንያዎች ቀድሞ በ24 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) ይሄዱ የነበሩትን ባለ ኮንቴይነር መርከቦች ወደ 20ና ከዚያም በታች አወረዱ። የመርከብ ሞተር የሚጠየቀው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ያድጋል፤ ከ24 ወደ 20 ኖት መውረድ በቀን የሚቃጠለውን ነዳጅ በ40 ከመቶ ገደማ፣ ለአንድ ጉዞ የሚቃጠለውን ደግሞ በ30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጭነት ሲጎድል መርከቦቹ ይዘገያሉ፤ ጭነት ሲትረፈረፍና የአንድ ቀን ኪራይ ሲወደድ ይፈጥናሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው የካፒቴኑ ወኔ አይደለም፤ የነዳጁና የቀኑ ዋጋ ተመዛዝነው ነው።

በጣም መዘግየትም ጥቅም የለውም። በዝቅተኛ ማርሽ እየተጎተተ የሚሄድ መኪና ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚያጠፋው ነዳጅ ይበዛበታል። ከፍተኛውን ማርሽ ሳይንገጫገጭ የሚሸከምበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ እንደ መኪናው ከ50 እስከ 65 ባለው ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቁጠባው ቦታ ነው።

ዳገቱ ላይ ሌላ ሕግ ይሠራል። ኮቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወልድያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። 80 ኩንታል ክብደት 500 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ከሦስት ሊትር በላይ ናፍጣ ይጠይቃል፤ ቢፈጥኑም ቢዘገዩም ይህ አይቀርም። ዳገት የሚቀጣው ክብደትን ነው። በትርፍ የተጫነ እያንዳንዱ አሥር ኩንታል ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ያስጨምራል። ወደ ሰሜን ከአላማጣ ተነሥቶ ግራካሱን ወጥቶ ኮረም የሚደርስ ሾፌር ደግሞ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ስለሚወጣ ሒሳቡ በእጥፍ ይቀርብለታል። ሜዳ ላይ እግርን፣ ዳገት ላይ ጭነትን መቆጣጠር ነው ቁም ነገሩ።

እዚህ ላይ ያገለገለ መኪና ስለሚገዙ ሰዎች ልናገር፤ በአካባቢው የሚሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች ያገለገሉ ናቸውና። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት በጣም አስወደደ፤ የብሩ መዳከም ተጨመረበት። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው እየናረ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ገዢው ሊብሬውን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ ሞተሩ ወርዶ እንደሆነ ይጠይቃል። የሚጠጣውን ነዳጅ ግን በሻጩ ቃል ያምናል። ፖምፓው የተዛባ፣ ኖዝሉ ያለቀ፣ ፊልትሮው አቧራ የጠጣ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ሦስት ሊትር ተጨማሪ ቢወስድ፣ በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ መኪና 1,200 ሊትር ነው፤ 120,000 ብር። በ200,000 ብር «የረከሰ» መኪና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ርካሽነቱን ጨርሶ ወደ ዕዳ ይገባል።

መለኪያው ቀላል ነው፤ ቀኑን መስዋዕት ማድረግ ብቻ ይጠይቃል። ታንከሩን እስከ አፉ መሙላት፣ ጭነት ይዞ ደርሶ መመለስ፣ እዚያው ማደያ ላይ እንደገና እስከ አፉ መሙላትና የገባውን ሊትር ለኪሎ ሜትሩ ማካፈል። የአሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ስለማይታመን ርቀቱን በስልክ ካርታ መያዝ ይሻላል። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

ከመንገዱ ወርደን ማሳው ውስጥ ስንገባ ሒሳቡ ተከትሎን ይገባል። የኮቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በአገሪቱ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓዶቹ በኤሌክትሪክ የሚሳበው ውኃ ለመስኖ ሲውል ቆይቷል። መብራት በሌለበት፣ በወንዝ ዳርና በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ግን ሥራውን የሚሠራው የውኃ ሞተር ነው። እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ነው፤ እርሱም ፍጥነት አለው።

የፓምፕ ጠባይ ከመኪናው ይከፋል። የሞተሩ ዙር በ10 ከመቶ ሲቀንስ ውኃውን የሚገፋበት ከፍታ በ19 ከመቶ ይወርዳል፤ የሚፈልገው ጉልበት ደግሞ በ27 ከመቶ ይቀንሳል። ውኃው ማሳው ጫፍ እስከደረሰ ድረስ ጋዙን መቀነስ ትልቅ ትርፍ ነው። ከመጠን በላይ ከቀነሱት ግን ሞተሩ እየጮኸ ውኃው መንገድ ላይ ይቆማል፤ ያኔ የተቃጠለው ሁሉ ባዶ ነው። ሌላም ወሰን አለ። በኮቦ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ፓምፕ ውኃ የሚስብበት ጥልቀት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ያንሳል፤ በተግባር ስድስት ሜትር አካባቢ ላይ ይጨርሳል። ሞተሩም አየር ስለሚያጥረው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈለት የፈረስ ጉልበት አሥር ከመቶ የሚበልጠውን ያጣል። ሻጩ የሚያነብልህ ቁጥር የቆላው ባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው።

ውኃው ሲርቅ አንዳንዱ ሞተሩን ጉድጓዱ ውስጥ እርከን ሠርቶ ያወርደዋል። ይህ የነዳጅ ጉዳይ አይደለም፣ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የሞተር ጭስ በጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላል። ሞተሩ እየሠራ፣ ከጠፋም በኋላ ጉድጓዱ በደንብ ሳይናፈስ ማንም አይግባ።

ሌላው የተለመደ ውሳኔ አንዱ አሮጌ ሞተር ሲያቅተው ሁለተኛ አሮጌ ሞተር ገዝቶ በአንድ ቱቦ ላይ መደረብ ነው። በእጥፍ ጉልበት እጥፍ ውኃ ይገኛል ተብሎ ይታሰባል። አይገኝም። በአንድ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ በእጥፍ ሲጨምር የቱቦው ሰበቃ በአራት እጥፍ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ሞተር አብዛኛውን ጉልበቱን ቱቦውን ለማሸነፍ ያውለዋል። ለሁለተኛ ሞተር የሚወጣው ገንዘብ ሰፋ ያለ ቱቦ ቢገዛበት ይሻል ነበር። ጉድጓዱም የራሱ ፍጥነት አለው፤ ውኃው ከሚመነጭበት በላይ የሚስብ ሞተር ጉድጓዱን አድርቆ አየር መሳብ ይጀምራል። ከምንጩ ጋር የሚራመድ ዙር ነው ትክክለኛው ዙር።

ይህ ሁሉ ለባለሙያው አዲስ አይደለም። ታዲያ ለምን አይሠራበትም? የኪራይ ውሎቹን ማየት ይበቃል። የውኃ ሞተር በሰዓት ሲከራይ ናፍጣውን የሚገዛው ተከራዩ ገበሬ ነው። ባለሞተሩ ኖዝል ለመቀየር የሚያወጣው ገንዘብ የሚቆጥበው የሌላ ሰው ናፍጣ ስለሆነ አይቀይርም። ገበሬው በበኩሉ የሚከፍለው በሰዓት ነውና ጋዙን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል አስበዋል፤ ነዳጁ ግን ባከነ። መኪናውም ላይ እንዲሁ ነው፤ ሾፌሩ በቢያጆ ይከፈለዋል፣ ናፍጣው ከባለንብረቱ ይወጣል፣ ስለዚህ የመፍጠን ዋጋ እርሱ ጋ አይደርስም። ባለንብረቱ ለአንድ መስመር የሚበቃውን ሊትር ከሾፌሩ ጋር በሙከራ ለክቶ፣ የተረፈውን ናፍጣ እኩል ቢካፈሉ እግሩ ሳይነገረው ይቀላል። ሞተሩም በሰዓት ከሚከራይ ውኃ በጠጣው ቦታ ስፋት፣ በጥማድ ተተምኖ፣ ናፍጣውም የባለሞተሩ ሆኖ ቢከራይ ኖዝሉን በማግስቱ ይቀይረዋል። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በበጋው መስኖ መግቢያ፣ ሽንኩርቱ ሳይተከል፣ ለአባሎቻቸው ሊያዋውሉት የሚችሉት ውል ይህ ነው፤ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ሙከራና ልኩ የታወቀ ጀሪካን ነው።