ለባሕረኛ ተማሪዎች የሚስማማ የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም። ይሁን እንጂ በጣና ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳር ከተማ፣ ኢትዮጵያውያን ባሕረኞች ይሠለጥናሉ። እኔም ከዚህ ትምህርት ቤት ስወጣ ይህንኑ ሙያ ለመያዝ አስባለሁ፤ ስለዚህም ምን ዓይነት ሰውነት እንደሚጠይቅ መርምሬ ለአንባቢያን ላስረዳ ወደድሁ።

በእኛ ዘንድ ጠንካራ የሚባለው ብዙ የሚሮጥ ነው። ሩጫ ለልብና ለሳንባ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ሯጭ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከወፍራሙ ይልቅ ቶሎ ይሰጥማል። (ወፍራም ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ ደስ ይላቸዋል።) በ1978 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የባሕረኞች ሥልጠና ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ኋላ በተሻሻሉት ደንቦቹ፣ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሠልጣኙ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶ ከከፍታ ወደ ውሃ ይዘላል፤ ይዋኛል፤ የተገለበጠ የነፍስ ማዳኛ ታንኳ ያቃናል፤ ያለ ሰደርያም ተንሳፎ ይቆያል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሰው በድንገት ሲገባበት ያለ ፈቃዱ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ ውሃ ከሳበ፣ ዋናተኛም ቢሆን ይሞታል። ይህ ድንጋጤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ መማር ያለብን ፈጥኖ መዋኘትን ሳይሆን፣ በጀርባ ተንጋሎ ትንፋሽ እስኪረጋጋ ድረስ መንሳፈፍን ነው። ጣቶች ደግሞ ቀዝቅዘው ሳይደነዝዙ ሰደርያን ማጥበቅ ያስፈልጋል። አዘላለሉም ሥርዓት አለው፤ በአንድ እጅ አፍና አፍንጫን ይዞ፣ በሌላው ሰደርያውን ወደ ታች አጥብቆ፣ እግርን ገጥሞ፣ ፊት ለፊት እያዩ መራመድ ነው።

ሁለተኛው የእጅ ብርታት ነው። መርከብ ላይ በገመድ መሰላል መውጣትና መውረድ አለ። ክብደቱን እግር ይሸከማል፤ እጅ ግን የጎኑን ገመድ አይለቅም። ለዚህ ልምምድ ከዛፍ ላይ የተሰቀለ ወፍራም ገመድ ይበቃል፤ መምህራችን ቢፈቅዱ በሚመጣው ወር ልንሰቅለው እንችላለን።

ዋናው ግን ገንዳ ስለሌለን ያስቸግራል። ሐይቅና ወንዝ ቅርብ ነው ቢባልም፣ ብልሃርዝያ ያለበት ውሃ ስላለ የጤና ባለሙያ ሳይጠየቅ ተማሪ መግባት አይገባውም። ወላጆች በመዋጮ ወደ አንድ የመዋኛ ገንዳ በወር ሁለት ጊዜ እንኳ ቢልኩን፣ ዋና የሚችል አስተማሪ ዳር ቆሞ፣ ገመድ በእጁ ይዞ፣ መንሳፈፍን ሊያስጀምረን ይችላል።