ውሃ ሲረጭ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ

ውሃ ከኤሌክትሪክ ጋር የሚገናኘው ተገድቦ ተርባይን ሲያሽከረክር ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ሆኖም ተርባይንም ሆነ ሽቦ በሌለበት ስፍራ፣ ውሃ ከገደል ወርዶ ከዐለት ጋር ሲላተም በዙሪያው ያለው አየር የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ፊሊፕ ሌናርድ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ይህን ጉዳይ መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1892 አሳተመ። በእርሱ ጥናት መሠረት በፏፏቴ አጠገብ ያለው አየር ኔጋቲቭ፣ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ፖዘቲቭ ሙል አለው።

ሙሉ ከየት መጣ? አንድ የውሃ ሞለኪውል በኦክሲጅኑ በኩል ኔጋቲቭ፣ በሁለቱ ሃይድሮጅኖች በኩል ፖዘቲቭ ነው። በውሃው ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በሁሉም አቅጣጫ በሌሎች ስለተከበቡ ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ፤ የአንዱን ዝንባሌ የሌላው ያጠፋዋል። ከገጹ ላይ ያሉት ግን ከበላያቸው አየር እንጂ ውሃ ስለሌለ አቀማመጣቸው ወደ አንድ ወገን ያደላል። በውሃው ውስጥ የሚገኙት አዮኖችም እንዲሁ ናቸው፤ አንደኛው ዓይነት ወደ ገጹ ሲጠጋ ተቃራኒው ከሥሩ ይሰፍራል። የትኛው አዮን ይበልጥ ወደ ገጹ እንደሚቀርብ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።

ውሃው ጸጥ ብሎ ሳለ ሁለቱ ንብርብሮች ስለሚመጣጠኑ ምንም አይታወቅም። ሲላተም ግን ከገጹ ላይ እጅግ ደቃቅ ነጠብጣቦች ተቦጭቀው የላይኛውን ንብርብር ሙል ይዘው ይሄዳሉ። ትልልቆቹ ጠብታዎች ተቃራኒውን ሙል ይዘው ይወድቃሉ፤ ደቃቆቹ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የአገራችን ሰው በዓባይ ፏፏቴ ላይ አይቶ «ጢስ» ያለው እንዲህ ያለውን ርጭት ነው። «ሙል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥቂት ያሳስታል፤ ከውጭ ገብቶ የሞላ ነገር የለምና። ቀድሞም የነበረው ተለያየ እንጂ አዲስ አልተጨመረም።

ውሃው ጨው ሲኖረው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ፖዘቲቭ ይሆናል። ይህንንም ሌናርድ ደርሶበታል።

ነገሩ ግን በፏፏቴ ብቻ አልቀረም። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 ተዘግቶ ስለነበር ግዙፍ የነዳጅ መርከቦች በአፍሪካ ዙሪያ ይመላለሱ ነበር። በዲሴምበር 1969 «ማርፔሳ»፣ «ማክትራ» እና «ኮንግ ሆኮን ሰባተኛ» የተባሉ ሦስት መርከቦች በዚሁ መስመር ላይ በአንድ ወር ውስጥ ፈነዱ፤ ማርፔሳ በሴኔጋል አቅራቢያ ሰጠመች፤ መርከበኞችም ሞቱ። ፍንዳታው የደረሰው ነዳጃቸው የተራገፈ ባዶ ታንኮች በኃይል በሚረጭ ውሃ በመታጠብ ላይ ሳሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ርጭቱ በታንኩ ውስጥ ሙል የያዘ ጉም እንደሚፈጥር አሳዩ። ታንኩ በነዳጅ ተን የተሞላ እንደ መሆኑ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

መፍትሔው ውሃን መተው አልነበረም። በመርከቡ ማሞቂያ ውስጥ ተቃጥሎ ኦክሲጅኑ ያለቀበት ጢስ ቀዝቅዞና ታጥቦ ወደ ታንኩ እንዲገባ ተደረገ። ስለዚህ ብልጭታ ቢነሣ እንኳ የሚያቀጣጥለው በቂ ኦክሲጅን አያገኝም።